ከድልድዩ ማዶ

ለምወድሽ ታናሽ እኅቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ብሎሻል፤ አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ የከለከሉሽን ነገር ትተሽ አታውቂምና ዛሬም ስትወጪ ስትወርጂ እንደምትውዪ አልጠራጠርም። ልጅሽስ ደህና ናት? አዲሱ ሥራዋ ተስማማት? ያ ዝምተኛው አማችሽ አፉን ከፈተ ወይስ አሁንም በጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚመልሰው? ሁሉንም በያሉበት ሰላም በይልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ በዕድሜዬ ልክ ነው። ግራ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ የቀኙ እንደ ነገሩ እየሠራ ነው። ከታች ጥርሶቼ ሦስት ቀርተዋል፤ እነሱም ቢሆኑ እርስ በርስ አይገናኙም። ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት በሩን ታንኳኳና «አሉ?» ትለኛለች። አለሁ እላታለሁ። ሌላ ወሬ የለንም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው። ቶሎ ያልመለስኩት ታምሜ አይደለም። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው፣ ያዘጋጀሽልኝን ክፍል ቀለም አስቀብተሽ መጨረስሽን ነግረሽኝ አልጋው በመስኮቱ በኩል ይሁን ወይስ በግድግዳው በኩል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የብርጌዱን ታሪክ የምጽፈው እኔ መሆኔን ከሰው ሰምተሽ፣ ባልሽ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የት እንደተጻፈ፣ ከሞቱት ጋር ይሁን ከከዱት ጋር፣ ቁርጡን እንድነግርሽ ነው። ልጄ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ልንገራት ብለሻል። ሁለቱን ጥያቄ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ሳይ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ግን ደብዳቤሽን መልሼ አጠፍኩት። ስለዚህ ስለ አልጋው ከመናገሬ በፊት ስለ ባልሽ ልንገርሽ። ከዚያ በኋላ የአልጋውን ነገር አንቺው ትወስኛለሽ።

ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባሽምና ታገሺኝ።

ስምንት ወር ሆነው፣ አንድ ወጣት ሻለቃ መኪና ይዞ መጣ። ጫማው ያበራል፣ ንግግሩ የተቆጠበ ነው፣ አባቴ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ብርጌዱ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መጽሐፍ ይታተማል፣ አምስቱንም ስም የኖረ ሰው ከእርስዎ በቀር አላገኘንም አለኝ። በዚህስ አልዋሸም። ብርጌዳችን እንደ ሌባ አምስት ስም አለው። ሲወለድ የዘውዱ አንደኛ ብርጌድ ነበር። መኮንኖቹ ዘውዱን ሲያወርዱ የነጻነት ብርጌድ ተባለ። መኮንኖቹ እርስ በርስ ሲበላሉ የተረፉት የአብዮቱ ጋሻ አሉት። የተዋጋናቸው ሸማቂዎች አሸንፈው ሲገቡ የሕዝብ ድል ሆነ። አሁን ደግሞ የአንድነት መከታ ነው፤ ከማን ጋር እንደሆነ አንድነቱ እስካሁን አልተነገረንም።

በአዛዡ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር ነበር። አምስት ገዥዎች ተራ በተራ ተሰቅለውበታል፤ በሥዕል ማለቴ ነው፣ በአካል የሚገባቸውም አልጠፉም። ሥዕሉ ሲወርድና ሲሰቀል ሚስማሩን የሚነካው አልነበረም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አዛዥ ይሻራል፣ ማኅተም ይሰበራል፣ መዝሙር ይለወጣል፤ ጸሐፊው ግን ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በአንድ ብዕር ትናንት ወንበዴ ያልኩትን ዛሬ ጀግና ብዬ ጽፌዋለሁ።

በዘውዱ ጊዜ ሥራችን መሰለፍ ነበር። ነጭ ቀበቶ ታጥቀን፣ ጓንት አጥልቀን፣ የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ እንቆም ነበር። እኔ ተኩስ አልሆነልኝም፤ ኢላማውን ትቼ የኢላማውን ጠባቂ ልገድል ስለነበር የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ብለው ጽሕፈት ቤት አስገቡኝ። የመጀመሪያው ጦርነት የመጣው በሁለተኛው ስማችን ጊዜ ነው፤ ለአንድ ኮረብታ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከፍለን ወሰድነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፊርማ መለሰው። ባልሽ ወደ ብርጌዱ የመጣው በዚያ ኮረብታ ሰሞን ነው። ጠጋኙ ነበር የምንለው፤ የሰው ጫማ ተቀድዶ ማየት አይችልም ነበር። ክር ሲያጣ በስልክ ሽቦ ይሰፋ ነበር፣ ከሶሉ ጎን ሦስት ሦስት ጊዜ ጠምዝዞ። የእኔንም ጫማ እንዲሁ ሰፍቶልኝ ነው የተወዳጀነው፤ ወዳንቺ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ይህን አትረሽም።

አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ አንብቢ።

ብርጌዱ ስም በለወጠ ቁጥር የሰው ኃይል መዝገቡ በአዲስ ደብተር ይገለበጥ ነበር። ይህ የእኔ ሥራ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ በዚያን ቀን በሕይወት ያለና በቦታው የተገኘ ወደ አዲሱ መዝገብ ይተላለፋል። የሞተ አሮጌው ደብተር ውስጥ ይቀራል። ለወደቀ መንግሥት የሞተ ሰው በአዲሱ ደብተር ረድፍ የለውም። ደብተሩ መጋዘን ይገባል፣ መጋዘኑ ያፈስሳል፣ የቀረውን አይጥ ይጨርሰዋል። ለኮረብታው የሞቱትን አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሳልገለብጥ አለፍኳቸው። ትከሻዬ ደክሞ ስለነበር ሥራው ማነሱ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምነግርሽ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቂ ነው።

ሦስተኛው ስም ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩም ተነካ። ብርጌዱ በሻምበል ጦር የተከፈለ ነው፤ አንዱ ሻምበል ጦር መቶ ያህል ሰው አለው። አንደኛው ሻምበል ጦር አምጿል ተባለና ተበተነ። ቁጥሩ ባዶ ቢቀር ማንን ይጎዳል? አዲሱ አዛዣችን ግን፣ ያ ክረምት ከበጋ ጓንት የማያወልቀው ኮሎኔል፣ አንደኛ የሌለው ብርጌድ አላዝም አለ። ሁለተኛው አንደኛ ሆነ፣ ሦስተኛው ሁለተኛ፣ አራተኛው ሦስተኛ። አራተኛ የሚባል ከዚያ ወዲያ ቀረ። ባልሽ የነበረበት ጦር ሃያ ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ሲባል ኖሮ በአንድ ጠዋት ሁለተኛ ሆነ። ነባሮቹ ተቸገሩ፤ አፋቸውም እጃቸውም የለመደው የድሮውን ነው። አዲስ የገባው ወታደር ደግሞ ከአዲሱ በቀር አያውቅም።

ሁለተኛው ጦርነት በዚሁ ላይ ደረሰ፤ ከሸማቂዎቹ ጋር የተደረገው። አሸንፈን ነበር እያሉ አሁን የሚያወሩ አሉ። እኔ የማስታውሰው ስንሸሽ ነው። ከኋላችን ወንዝ፣ በወንዙ ላይ አንድ ድልድይ። ብርጌዱ ተሻገረ። ጠላትን እንዲያቆዩ ማዶ የተተዉት ሁለት ሻምበል ጦሮች ናቸው፤ የባልሽ ጦርና ከእሱ ቀጥሎ ያለው፣ በአዲሱ ቁጥር ሁለተኛውና ሦስተኛው። የሬዲዮው ባትሪ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ኮሎኔሉ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ፣ ሁለቱም እስከ አሥር ሰዓት ይሻገሩ፣ ድልድዩ አሥራ አንድ ላይ ይፈነዳል፣ ለሁለቱም ጻፍላቸው አለ።

ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ብጣሽ ወረቀት ጻፈ። አንዱ ለሦስተኛ ሻምበል ጦር ይላል። አንዱ ለአራተኛ።

የተጻፈው ለሃያ ዓመት በለመደ እጅ ነው። ኮሎኔሉ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ሳያነብ ፈረመ። የተላከው መልእክተኛ ብርጌዱን ከተቀላቀለ ሁለት ወር ያልሞላው ሰው ነበር። ማዶ ተሻግሮ ሦስተኛው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ፣ አሳዩት፣ ወረቀቱን ሰጠ፣ እነሱም ዕቃቸውን ሰብስበው በሰላም ተሻገሩ። ቀጥሎ አራተኛውን ፈለገ። ሲሻገሩ ያገኛቸው አዲስ የገቡ ወታደሮች ሳቁበት። እዚህ ብርጌድ ውስጥ አራተኛ የሚባል የለም፣ ማን ነው የሚያሾፍብህ አሉት። የባልሽ ጦር ከዚያ ከአራት መቶ እርምጃ በማይበልጥ ቦታ ምሽግ ውስጥ ነበር፤ ግን ቁጥሩ ሁለተኛ ነው፣ ለሁለተኛ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ የለውም። ሰውየው ተመልሶ መጣና፣ አራተኛ የለም ተባልኩ ብሎ ወረቀቱን ለጽሕፈት ቤቱ መለሰ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር።

ግማሽ ሰዓት ነበር እልሻለሁ። ከጽሕፈት ቤቱ ድንኳን እስከ ኮሎኔሉ መኪና ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። መልእክተኛውን መልሶ ለመላክ ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ይኸው ኮሎኔል ቁጥር አሳስቶ ያስተላለፈውን የሬዲዮ ሠራተኛ ከመኪናው ጎን አቁሞ በሽጉጥ ገድሎታል፤ ቁርሱን ሳይጨርስ። ሁላችንም አይተናል። ኮሎኔሉ አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወደ ድንኳኑ ብቅ ብሎ ሁለቱም ወረቀት ሄዷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሄዷል ተባለ። ውሸት አይደለም፤ ሄዶ ነበር።

ድልድዩ በሰዓቱ ፈነዳ። በዚያ መንግሥት ዘመን በሰዓቱ የሆነ ነገር ሌላ አላውቅም።

አቧራው ሲሰክን ከማዶ ተኩስ ይሰማ ጀመር። የማን ተኩስ እንደሆነ ሁሉም ሰው ገባው፤ ኮሎኔሉም ገባው። ፊቱን አላዞረም። ወደ በላይ አካል የሄደው ሪፖርት ግን፣ ማፈግፈጉ በሥርዓት ተፈጸመ፣ ከብርጌዱ አንድም ሰው ማዶ አልቀረም ይላል። አንድም ሰው ካልቀረ ሰማንያ ሦስት ሰው የት ገባ? ኮሎኔሉ ጠራኝና ጻፍ አለኝ፤ ከማፈግፈጉ በፊት በነበረው ዕለት ከድተው ድንበር ተሻገሩ ብለህ ጻፍ። ጻፍኩ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ነገር አልደበቅብሽም። በመጀመሪያው ስም ፊት «ከዳ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከዚያ በታች ላሉት ሰማንያ ሁለት ሰዎች ቃሉን እንኳ አልደገምኩትም። እኛ ጸሐፊዎች ጊዜ ለመቆጠብ የላይኛው ቃል ለታችኛውም ይሁን ለማለት ሁለት ጭረት እናደርጋለን። ባልሽ ፊት ያለው ሁለት ጭረት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የተቃጠልሽው በሁለት ጭረት ነው እኅቴ።

ኮሎኔሉ ስለ ሥርዓታማው ማፈግፈግ ሜዳይ ተሰጠው። የምስክር ወረቀቱንም አሳምሬ ጻፍኩለት።

ከዚያ ወዳንቺ መጣሁ። በሩን የከፈትሽልኝ እጅሽ ሊጥ ሆኖ ነው። ተቀመጥ አልሽኝ፣ አልቀመጥም አልኩ። ባልሽ ድንበር ተሻግሯል አልኩሽ። ሞቷል ብዬሽ ቢሆን ታለቅሺ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላለቀስሽም። ከማን ጋር ብለሽ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ። እኔም አላውቅም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያደረግሽውን ሁሉ ከሩቅ ሳይ ኖሬያለሁ። ፎቶግራፎቹን በምድጃ ውስጥ ከተትሽ። ለልጅሽ፣ አባትሽ ከእኛ ይልቅ እግሩን ይወዳል አልሻት፤ እሷም በትምህርት ቤት የአባት ስም ሲጠሩ አቤት ማለት ተወች። ያ ሂሳብ አስተማሪ አራት ዓመት ሙሉ አገባሻለሁ ብሎ ሲመላለስ፣ መበለት አይደለሁ፣ ፈት አይደለሁ፣ በምን ወረቀት ላግባህ ብለሽ መለስሽው። ደህና ሰው ነበር። ጸጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣ ነበር። መጨረሻ ላይ ሌላ አግብቶ ሲሄድ አንቺ ለእኔ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፤ እንኳን ቀረ ብለሽ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ የዚያ ሰው ሚስት ትሆኚ ነበር።

በዚያን ጊዜ ደግሞ አውቅ ነበር። ያወቅሁትን ልንገርሽ።

ሸማቂዎቹ በገቡ ጊዜ ብርጌዱን ዓርብ ዕለት በትነው ሰኞ ዕለት መልሰው አቋቋሙት። መካኒክ፣ ሐኪምና ጸሐፊ ስለሚያስፈልጋቸው እኛን ይቅር አሉን። ከእነሱ የመጣው ምክትል አዛዥ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ጠላት እያልኩ ስንት ገጽ የጻፍኩበት ሰው ሻዬን ራሱ ይቀዳልኝ ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ወለሉ ላይ የነበረ ብዕር ላነሳ ጎንበስ ስል ጫማውን አየሁት። ከሶሉ ጎን በስልክ ሽቦ ተሰፍቷል፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ።

ጫማውን ከየት አገኙት አልኩት። እሱም ምንም ሳይመስለው፣ ከወንዙ ዳር ከሞቱት አንዱ ላይ ነው ያወለቅሁት፣ ሦስት ዓመት ተጫምቼው አልቀደድ አለኝ፣ የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ አለ። ከዚያም ስለ ሰዎቹ ነገረኝ። እንደሱ ያለ ጦር አይቼ አላውቅም ነው ያለኝ። የነገረኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤

«ድልድዩ ፈርሷል፣ አለቆቻችሁ ትተዋችሁ ሄደዋል፣ እጃችሁን ስጡና ኑ ብለን በድምፅ ማጉያ ለመንናቸው። የመልቀቂያ ትእዛዝ አልደረሰንም አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ መልሳቸው ይኸው ነበር። በሦስተኛው ቀን የሚመልስ ጠፋ።»

ሰማንያ ሦስቱንም ራሳቸው ቀበሯቸው። ቦታው ከወንዙ ከፍ ብሎ ያለው ሜዳ ነው፣ አሁን የሆነ ሰው ሽንኩርት ያለማበታል።

ይህን ከሰማሁ ሃያ አራት ዓመት ሆነኝ። አስተማሪው ያን ጊዜ ገና ወደ ቤትሽ መምጣት አልጀመረም ነበር። ለምን አልነገርከኝም ትዪኛለሽ። መጀመሪያ ጓጉቼ ብዕር አነሳሁ፤ እውነቴን ነው። ግን ሞቷል ብል እንዴት ሞተ ትያለሽ። ትእዛዝ ሳይደርሰው ብል ትእዛዙ የት ቀረ ትያለሽ። አውቅሻለሁ፣ አንቺ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ አትተይም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሆዴም አልፈጀውም፤ እኔን ፈጀኝ።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ሁለት መቶ አሥር ገጽ ጻፍኩላቸው። የድልድዩን ነገር እንደሆነው አድርጌ፣ የሰማንያ ሦስቱንም ስም ከእነማዕረጋቸው አስገባሁት። ስማቸውን ከመዝገብ አይደለም የጻፍኩት፣ በቃሌ ነው። የባልሽ ስም ከላይ አሥራ ሰባተኛው ነው። ወጣቱ ሻለቃ አንብቦ ሲጨርስ ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ ሲያዝልኝ ነገሩ እንዳለቀለት ገባኝ። አባቴ፣ ይህ መጽሐፍ የሃምሳ ዓመት ያልተቋረጠ ጀግንነት የሚል ርእስ ተሰጥቶታል፣ ይህ ምዕራፍ ደግሞ ያቋርጠዋል አለኝ። ባለ ጓንቱ ኮሎኔል በሕይወት አለ፤ የበዓሉ የክብር ሰብሳቢ ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ይመጣል፣ ጓንቱን ዛሬም አላወለቀም። ምዕራፉን አውጥተው በአንድ መስመር ተኩት፤ ብርጌዱ በወንዙ ዳር ባካሄደው ሥርዓታማ ማፈግፈግ ስሙን አስጠርቷል ይላል። ከዚያ ወዲያ ሁለት መንግሥት ተለዋውጧል፣ ያ ሥርዓታማ ማፈግፈግ ግን ከመጀመሪያው ሪፖርት ጀምሮ አልተነካም። እንዲህ ነው ቀጣይነት።

ስለዚህ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይህ ነው። ባልሽ ከሞቱትም ጋር የለም፣ ከከዱትም ጋር የለም። መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ሻለቃው ክፉ ልጅ አይደለም። ከመነሳቴ በፊት በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና አንድ ነገር በራሱ ፈቃድ ጠየቀኝ። ምዕራፉ ላይ «በጽሕፈት ቤቱ ስህተት» ብለው ጽፈዋል፣ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ማን ነበር፣ አሁን የት ነው አለኝ። ሞቷል አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያም ነፍስ ይማር አለ። አሜን ብዬ ወጣሁ።

ሃያ ስድስት ቀን የዘገየሁት በዚህ ነው። ለአንድ ልጅ እግር ሻለቃ ሞቷል ማለት ቀላል ነው። ለአንቺ ግን ያንኑ መጻፍ አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬዋለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ እያልኩ እዚህ ደርሻለሁ፤ አሁንም እንዳየሽው እንደዚያው ነው የጻፍኩት። የለመደ እጅ ነው፣ ከዚህ በላይ አልታዘዘኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። ጽሕፈት ቤቱ የምልሽ አንድ ድንኳን ነው። በውስጡ የነበረው አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ነው።

ቀለም ያስቀባሽውን ክፍል ይህን ካነበብሽ በኋላ ለማን እንደምትሰጪው አንቺ ታውቂያለሽ። ለልጅሽ ስጪው ብትዪ ደስ ይለኛል። ለእኔ መልስ መጻፍ የለብሽም፤ ዝም ብትዪ እንዳነበብሽው አውቃለሁ።

ለልጅሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪያት፣ አታሳድሪው። አባትሽ ጥሎሽ አልሄደም በያት። ትእዛዝ ጠብቆ፣ ሁለት ቀን ከጓደኞቹ ጋር ተዋግቶ፣ በሰፋው ጫማ ሞተ በያት። ትእዛዙ ለምን አልደረሰውም ብላ ከጠየቀችሽ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈ ብጣሽ ወረቀት አድርጌያለሁ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ከመታጠፉ ብዛት መካከሉ ሊበጠስ ነውና ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ለአራተኛ ሻምበል ጦር ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት በየትኛው ልብስ ኪስ ውስጥ እንደኖረ ልጅሽ ላይገባት ይችላል። አንቺ ግን ይገባሻል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ። የልጅሽን ልጅ ለመሳም ያብቃሽ። ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣ ወንድም ከእንግዲህ ደጃፍሽን አይርገጠው።

የእናትሽ ልጅ